ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ኤሌክትሪኩ ይጠየቅ

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ አባባል ለፖለቲካችን ብቻ የተነገረ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ቀን አውቶማቲክ መኪናው «ማርሽ አልቀይርም» ይበለውና ጋራዥ ይሂድ። ኮፈኖው በቅጡ ሳይከፈት፣ አንዲት ገመድ ሳትለካ፣ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድ» የሚል ፍርድ ይሰማል። ይህ ፍርድ በምንኖርባቸው ሀገሮች በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ወይም ዶላር የሚከፈል ነው። ታክሲ እየነዳ፣ ጥቅል እያደለ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር፣ ከዚያም ቆንጥሮ ሀገር ቤት ለሚልክ ወገናችን ደግሞ የወራት እንጀራው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓምድ ስለ ሸንጎና ስለ ምርጫ እንጂ ስለ ካምቢዮ መጻፍ ልማዳችን አይደለም። ይሁንና ያለ ማስረጃ መፍረድ የትም ቢፈጸም ያው ነውና ዛሬ ወደ ጋራዡ ጎራ እንላለን። ነገራችን አጭር ነው። ማርሽ አልቀይርም ያለ አውቶማቲክ መኪና ሁሉ ካምቢዮው የሞተ አይደለም። ካምቢዮው ደህና ሆኖ፣ የሚያዘው ኤሌክትሪክ የታመመበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ደግሞ ጥቂት መለካትና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላኛው ሔግ

ሔግ ሲባል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቶሎ የሚመጣው ፍርድ ቤት ነው። የኢትዮ-ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በኤፕሪል 2002 ውሳኔውን ያሰማው በዚችው የሆላንድ ከተማ ነው። ከሰላም ቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ ግን የቱሪስት ካሜራ የማይዞርበት ሌላ ሔግ አለ። ትራንስቫል ይባላል። ፖል ክሩገርላን የተባለው የሱቅ ጎዳና ያቋርጠዋል፤ በጥጉ በኩል ታዋቂው የሔግ ገበያ ተዘርግቷል።

ስሙ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ከ1899 እስከ 1902 ቦሮችና እንግሊዞች ሲዋጉ ሆላንዳውያን ልባቸው ከቦሮቹ ጋር ነበርና የጀግኖቻቸውንና የሀገራቸውን ስም ለአዳዲስ ሠፈሮቻቸው ሰጡ። አምስተርዳምም በምሥራቅ በኩል የራሷ ትራንስቫል አላት፤ ሮተርዳም ደግሞ ከወንዙ በስተደቡብ አፍሪካንደርዋይክ የተባለውን ሠፈር በእነዚሁ ስሞች ሞልታዋለች። የያኔዋ የትራንስቫል ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕሪቶሪያ ነበረች፤ በኖቬምበር 2022 የኢትዮጵያ መንግሥትና ሕወሓት የተፈራረሙባት ያችው ፕሪቶሪያ። ጊዜ ሁሉን ይለውጣልና በአምስተርዳሙ ትራንስቫል በቦሮቹ መሪ በፕሪቶሪየስ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ ዛሬ የስቲቭ ቢኮ አደባባይ ይባላል። በሠፈሮቹም የሱሪናም፣ የቱርክ፣ የሞሮኮና የአፍሪካ ሰዎች ይኖራሉ።

እንዲህ ባለ ሠፈር የሚኖር ስደተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና አይገዛም። የሚገዛው ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ሁለትና ሦስት ባለቤት የቀያየረ መኪና ነው። የዛሬው ነገራችንም በዋናነት እንዲህ ያለውን መኪና የሚመለከት ነው።

«የሞተ ነገር በቁልፍ ይነሣል እንዴ?»

እንበልና አንድ በሔጉ ትራንስቫል የሚኖር ወገናችን አሮጌ ማርቸዲስ ኢ-ክላስ አለው። ዝናብ በጣለበት ማለዳ አውራ ጎዳና ላይ ሳለ መኪናው አንዴ ነጠር ይልና በሁለተኛ ማርሽ ይቀራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ዳር ይዞ አጥፍቶ ሲያስነሣው ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል። በሳምንቱ ይኸው ይደገማል። ወዳጅ ወደ ጠቆመው ጋራዥ ሲደርስ እንዲህ ይባላል፦

«ጋሼ፣ ይሄ ካምቢዮ አልቋል። ሌላ ፈልገን እንቀይርልዎት።»

«ሲጠፋና ሲነሣ ይድናል እኮ ልጄ። የሞተ ነገር በቁልፍ ይነሣል እንዴ?»

ይህች የባለመኪናው ጥያቄ ቀላል አይደለችም። የጉዳዩ ቁልፍ እሷው ናት። ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ ሞተር አጥፍቶ በማስነሣት አይታደስም። በማጥፋትና በማስነሣት የሚታደስ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ኮምፒውተሩ።

ይህን ለመረዳት አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ያሻል። ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚያስይዙት የፍሪሲዮን ሸራዎች በዘይት ግፊት ይጨመቃሉ። ዘይቱ ወደ የትኛው ሸራ እንዲሄድ የሚወስኑት ሶሌኖይድ የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ የዘይት መንገድ የሚከፍቱ ወይም የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች ናቸው። ሶሌኖይዶቹን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ ዓይን የለውም። የሚያውቀው ሴንሰሮች የሚነግሩትን ነው፦ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዙር ስንት ነው፣ የሚወጣውስ፣ የዘይቱ ሙቀት ምን ያህል ነው፣ ነጂው ነዳጅ ምን ያህል ረግጧል፣ የማርሽ መምረጫው ዘንግ የት ላይ ነው።

ከእነዚህ ወሬ አቀባዮች አንዱ ሲዋሽ ወይም ዝም ሲል ኮምፒውተሩ መገመት ትቶ ራሱን ይጠብቃል። የዘይቱን ግፊት ከፍ አድርጎ በአንድ ማርሽ ይቆልፋል። የሆላንድ መካኒኮች ይህን «ኖድሎፕ» ይሉታል፤ እየተንፏቀቁም ቢሆን ቤት የሚያደርስ የመጠባበቂያ አሠራር ነው። ስለሆነም መኪናው በአንድ ማርሽ መቅረቱ በሽታው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በሽታ ጠርጥሮ የወሰደው ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄውን እንደ በሽታ ቆጥሮ ካምቢዮ ማውረድ፣ በር ቆልፎ የተቀመጠን ሰው «ሞቷል» ብሎ እንደ መቅበር ነው።

የኛ ወገን ማርቸዲስ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስፋት የተገጠመው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ በፋብሪካው አጠራር 722.6 ነው እንበል። ይህ ካምቢዮ ሲቸገር የሚቆልፈው በሁለተኛ ማርሽ ነው። መካኒኮች ደጋግመው ያዩዋቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ችግሮችም አሉት። አንደኛው ካምቢዮው ውስጥ ዘይት ላይ የተቀመጠው የኤሌክትሪክ ሳህን ነው፤ የዙር ሴንሰሮቹ በላዩ ላይ ስለሆኑ እነሱ ሲደክሙ ኮምፒውተሩ ዙሩን ማየት ያቅተዋል። ሁለተኛው ገመዱ ወደ ካምቢዮው የሚገባበት ባለ 13 እግር ሶኬት ነው። የሶኬቱ የጎማ ቀለበቶች ሲደርቁ ዘይት ያሳልፋሉ። ዘይቱ እንደ ኩራዝ ክር በገመዱ ውስጥ እየተሳበ ሽቅብ ይወጣና ኮምፒውተሩ ድረስ ይደርሳል። የሶኬቱ ማቀፊያ ከካምቢዮው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ያልጠየቀ ባለቤት ግን በዚች ምክንያት ሙሉ ካምቢዮ ያስቀይራል።

ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ የተገኘባቸው

ይህ የአንድ መኪና ጉዳይ አይደለም። አምራቾቹ ራሳቸው በአደባባይ ያመኗቸው ታሪኮች አሉ።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታየው የቶዮታ ራቭ4 ነው። ከ2001 እስከ 2003 በነበሩት ሞዴሎች ማርሹ በኃይል እየመታ ይቀየር ነበር። ምንጩ የሞተሩ ኮምፒውተር ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ መኪና ላይ ካምቢዮውንም የሚያዘው ይኸው ኮምፒውተር ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የኮምፒውተሩን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል አራዘመ። ኮምፒውተሩን ትቶ ካምቢዮውን ብቻ የቀየረ ባለቤት ምን እንደሚገጥመው አስቡት። አዲሱም ካምቢዮ ከዚያው ከታመመ አዛዥ ያንኑ የተሳሳተ ትእዛዝ ይቀበላል።

ሁለተኛው የኦገስት 2010 ጥሪ ነው። ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን፣ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑትን፣ መልሶ ጠራ። በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ በብየዳ ነጥቦች ላይ ስንጥቅ ሊፈጠር እንደሚችል ተነገረ። ውጤቱ አለመነሣት፣ መንገድ ላይ መጥፋት ወይም ማርሽ በኃይል መቀየር ነበር። በፀጉር ያህል ስንጥቅ የተነሣ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቮልስዋገን ነው። በ2013 ኩባንያው ባለ 7 ማርሽ ዲ.ኤስ.ጂ ካምቢዮ የተገጠመላቸው 1.6 ሚሊዮን መኪኖች ዘይታቸው እንዲቀየር ጠራ። ሰው ሠራሹ ዘይት በሙቀትና በእርጥበት፣ በተጨናነቀ መንገድም ሲሠራ፣ በኤሌክትሪክ ክፍሉ ላይ ሾርት ሊያስከትል ይችል ስለነበር በማዕድን ዘይት ተተካ። ፊውዙ ሲቃጠል መኪናው ኃይል ያጣል። ካምቢዮው ራሱ ምንም ሳይሆን ማለት ነው።

አራተኛው ለኛ ለተሰዳጆች ልዩ ትርጉም ያለው ነው። ፎርድ «ፓወርሺፍት» ባለው ካምቢዮ ላይ የአውስትራሊያ ደንበኞች «ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ይጠፋል» ብለው አቤት ሲሉ፣ ለብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ «ችግሩ የእናንተ አነዳድ ነው» የሚል ነበር። ኩባንያው ግን የካምቢዮውን ችግር ያውቅ ነበር። የሸማቾች ተቆጣጣሪው ክስ መሠረተና የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2018 ፎርድ አውስትራሊያን 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ። አቤት ባዩን ራሱን ጥፋተኛ ማድረግ በኛ ሀገር ብቻ ያለ ልማድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ኮዱ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም

በጋዜጣ ቤት ስንሠራ «አንድ ምንጭ ዜና አይሆንም» የሚል መርሕ እንማር ነበር። (በመንግሥት ጋዜጣ ቤት አንዱ ምንጭ ከላይ ስልክ የደወለ እንደሆነ በቂ ይሆን ነበር፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) የመኪና ኮድ የሚነበበውም በዚሁ መርሕ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1996፣ በአውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ በናፍጣዎቹ ከ2004 ወዲህ ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ መደበኛ ሶኬት አለ። ስካነሩ በዚያ ይሰካል። በካምቢዮ በኩል የሚታዩት አብዛኞቹ ኮዶች በፒ07 ይጀምራሉ። ፒ0700 ደወል ብቻ ነው፤ «የካምቢዮው ኮምፒውተር የሚለው ነገር አለ፣ እሱን ጠይቁ» ይላል። ፒ0705 የማርሽ መምረጫውን ዘንግ ሴንሰር፣ ፒ0715 የሚገባውን ዙር፣ ፒ0720 የሚወጣውን ዙር፣ ፒ0750ና ተከታዮቹ ሶሌኖይዶቹን ይጠቁማሉ። ፒ0562 የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስን፣ ዩ0101 ደግሞ ከካምቢዮው ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት መቋረጡን ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ስሕተት አለ። ፒ0715 «ሴንሰሩን ቀይር» አይልም፤ «ከዚያ መስመር የሚመጣው ወሬ አላማረኝም» ነው የሚለው። መስመሩ ሴንሰሩን፣ ሶኬቱን፣ ገመዱን፣ ግራውንዱንና ኮምፒውተሩን ሁሉ ያጠቃልላል። ከአምስቱ አንዱ ነው ጥፋተኛው። ደግሞም ኮዶች በቁጥር ቢቀራረቡም ትርጉማቸው ይለያያል። ፒ0753 ስለ ሶሌኖይዱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲናገር ፒ0751 ግን ሶሌኖይዱ ሥራውን አለመሥራቱን ነው የሚናገረው፤ ይህኛው በቆሻሻ ዘይት ወይም በተያዘ ቫልቭ ሊመጣ ይችላል። ርካሹ ስካነር ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ ስለሚያነብ «ኮድ የለውም» ሲባሉ «የካምቢዮው ኮምፒውተር ተነቧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከመንካት በፊት መስማት ይቀድማል። ችግሩ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚጠፋ፣ ሞተር ሲጠፋና ሲነሣ የሚሻል፣ ከዝናብ ወይም ከሙቀት ወይም ከጉድጓድ ጋር የሚመጣ፣ የፍጥነት መለኪያው የሚዘልበት ወይም መብራቱ የሚደበዝዝበት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል። በየወሩ እየባሰ የሄደ መንሸራተት፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድበት፣ የተቃጠለ ሽታ ያለው ጥቁር ዘይት፣ በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ከታየ ደግሞ ካምቢዮው ራሱ በእርግጥ ታሟል። ኤሌክትሪክን ሁልጊዜ ጥፋተኛ ማድረግም ያው ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው።

አንደኛ፣ ዘይቱ ይታይ። ኤሌክትሪክ ባይሆንም መቅደም ያለበት እሱ ነው። መጠኑ በትክክለኛው ሙቀት ላይ ሲለካ ልክ መሆን አለበት። በብዙ አዳዲስ መኪኖች መለኪያ ዘንግ ስለሌለ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ባትሪውና ዲናሞው ይለኩ። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት መካከል ይሆናል። ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ከ10 ቮልት በታች አብዝቶ የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ይጠርጠር። በሆላንድ ክረምት አጭር አጭር መንገድ እየሄደ የከረመ ባትሪ ኮምፒውተሩን ግራ ያጋባል፤ ኮምፒውተሩም በተራው ማርሹን። የዲናሞው ዳዮድ ከተበላሸ ደግሞ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ እየገባ የሴንሰሮቹን ወሬ ይረብሻል። መልቲሜትሩን በኤ.ሲ. አድርጎ ባትሪው ላይ መለካት ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ይፈተሽ።

ሦስተኛ፣ ግራውንዱ። ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሻሲው፣ ወደ ሞተሩና ወደ ካምቢዮው የሚሄዱት ገመዶች በዝገትና በጨው ይበላሉ። ዓይን አይበቃም። መልቲሜትሩን በቮልት አድርጎ አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካምቢዮው አካል ላይ አስይዞ ሞተሩ ሲነሣ ማየት ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የኦም ልኬት ያታልላል። ከአሥር ክሮቹ ዘጠኙ የተበጠሱ ገመድ በኦም ሲለካ «ደህና» ይላል፤ ኃይል ሲጫንበት ግን አይችልም።

አራተኛ፣ ፊውዝና የፍሬን መብራት። «ማርሹ ከፒ አልወጣም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ፣ ካምቢዮ ከመጠርጠሩ በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቱ መብራቱን ይይ። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ፍሬን መረገጡን የሚናገረው ስዊች ካልሠራ ኮምፒውተሩ ዘንጉን አይለቅም። ጥፋተኛው የሳንቲም ፊውዝ ወይም ርካሽ ስዊች ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ሶኬቶቹ ይነቀሉና ይታዩ። ዘይት፣ ውኃ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ የታጠፈ እግር ይፈለጋል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስና ስካነሩ ላይ የሚታየውን ዙር መከታተል ብዙ ያወጣል። መኪናው እየሄደ የሚወጣው ዙር ለቅጽበት ዜሮ ገብቶ ከተመለሰ ጎማው ቆሞ አይደለም፤ ወሬው ተቋርጦ ነው። የገመድ ልባስ በመርፌ መብሳት ግን አይመከርም፤ በዚያች ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ነገ ሌላ በሽታ ይፈጥራል።

ስድስተኛ፣ ሶሌኖይዶቹ ይለኩ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ክፍትና ዝግ ብቻ የሚያውቁት ሶሌኖይዶች ከ11 እስከ 15 ኦም፣ ግፊት የሚመጥኑት ደግሞ ወደ 5 ኦም ገደማ ያሳያሉ። ለእያንዳንዱ መኪና ትክክለኛው ቁጥር ከጥገና መመሪያው ይታያል። በቀዝቃዛ ደህና ሆኖ በሙቀት የሚጠፋ ስላለ ሁለት ጊዜ፣ ቀዝቅዞም ሞቆም መለካት ነው።

ሰባተኛና መጨረሻ፣ ኮምፒውተሩ። ኮምፒውተር ጥፋተኛ የሚባለው ኃይልና ግራውንድ በትክክል እየደረሰው፣ ሴንሰሮቹ እውነት እየነገሩት፣ እሱ ግን የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰጥ ነው። ሌላ ኮምፒውተር ሲገጠምም በብዙ መኪኖች ከመኪናው ጋር በሶፍትዌር መተዋወቅ አለበት። ከሙሉ ጥገና በኋላ ካምቢዮው ቀድሞ የተማረውን ልማድ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲማር ማድረግም አይረሳ።

ጥንቃቄም ይጨመርበት። ቢጫ ልባስ ያላቸው የኤርባግ ገመዶች አይነኩ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባ። በአንድ ማርሽ የቀረ መኪናም የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ጤነኛው ካምቢዮ ያኔ በእውነት ሊቃጠል ይችላል። ተጭኖ ይሄድ።

መብትን ማወቅ

ሆላንድ ውስጥ የምንኖር ልብ ማለት ያለብን አለ። በየጊዜው የሚደረገው አ.ፔ.ካ. የሚባለው ምርመራ ደኅንነትንና ብክለትን እንጂ ማርሽ እንዴት እንደሚቀየር አይመረምርም። «አዲስ አ.ፔ.ካ. አለው» ማለት «ካምቢዮው ደህና ነው» ማለት አይደለም።

መኪናውን ከነጋዴ የገዛ ሸማች ግን ሕግ ከጎኑ አለ። ከኤፕሪል 27 ቀን 2022 ወዲህ በተገዛ ዕቃ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ጉድለት ከታየ፣ ጉድለቱ ሲሸጥም እንደነበረ ይገመታል። አልነበረም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የሻጩ ነው። ቀድሞ ይህ ጊዜ ስድስት ወር ነበር። የመኪናው ዕድሜ፣ ኪሎ ሜትሩና ዋጋው ከግምት መግባታቸው ግን አይቀርም። ከግለሰብ የተገዛ መኪና በዚህ አይሸፈንም። ክርክር ከተነሣ በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠው ዩሪዲስ ሎኬት አለ።

ጋራዥ ደጃፍ ላይ ደግሞ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ የትኛው ኮድ ነው የወጣው? ከኮዱ በኋላ ምን ተለካ? ልኬቱ ስንት አሳየ? ግምቱን በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? እነዚህን ሲጠየቅ ወረቀቱን የሚያወጣ መካኒክ አለ፤ የሚቆጣም አለ። የሚቆጣውን አመስግኖ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው። ሁለተኛ አስተያየት የሚያስከፍለው የምርመራ ዋጋ ከካምቢዮ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሀገር ቤትስ?

ነገሩ ለሆላንዱ ትራንስቫል ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 2024 የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እገዳው ደግ ይሁን ክፉ ሌላ ጊዜ የምንነጋገርበት ነው። ከዛሬው ጉዳይ ጋር የሚያያዘው ግን ይህ ነው፦ በየቤተሰባችን ያለችው ቪትዝ፣ ኮሮላና ራቭ4 በቀላሉ በሌላ የምትተካ አይደለችም። ትጠገናለች እንጂ። ለካምቢዮ ወደ ሶማሌ ተራ የሚላከው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከኛው ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ «ካምቢዮ ይቀየር ተባለ» የሚል ስልክ ሲመጣ፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

ሀገር ቤት የሚታይ አንድ ልማድም አለ። ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ ማጠብ። በዕድሜ የደረቁ የሶኬት ጎማዎች ውኃውን አያስቆሙትም። ከታጠበ ማግሥት ማርሽ አልቀይርም ያለ መኪና ካለ፣ ከካምቢዮው በፊት ሶኬቶቹ ተነቅለው ይድረቁ።

ከ2005 ወዲህ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ ደግሞ ማርሽ ሳይሆን በቀበቶ የሚሠራ ሲ.ቪ.ቲ. ካምቢዮ አላቸው። የዚህ ሐሳብ አንዱ አባት ሆላንዳዊው ሁብ ቫን ዶርን ነው። በ1958 አምስተርዳም ላይ በተካሄደው የመኪና ትርኢት የቀረበችው ዳፍ 600 በጎማ ቀበቶ ትነዳ ነበር። የያኔዋ ዳፍ ኮምፒውተር አልነበራትም። የዛሬው ሲ.ቪ.ቲ. ግን እንደ ሌሎቹ በሴንሰር ያያል፣ በሶሌኖይድ ይሠራል፤ ስለዚህ የምርመራው ቅደም ተከተል በሲ.ቪ.ቲ.ም ላይ ያው ነው።

ውድ አንባብያን፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። እኛ ደግሞ እንጨምርበት፤ ጠርጥሮ ያልለካም እንዲሁ ይመነጠራል። ካምቢዮው በማስረጃ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ይውረድ፤ ቅር የሚለው የለም። እስከዚያው ግን ባትሪው፣ ግራውንዱ፣ ፊውዙ፣ ሶኬቱና ገመዱ ተራ በተራ ቀርበው ቃላቸውን ይስጡ።

ቸር ያሰንብተን።